ደሴ ሰፈራችን ያለችውን ሜዳ እንዴት እናድናት? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ

የጦሳ ስር ልጅ፦

ሰላም የአገሬ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ጽሁፉ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

እኛ ሰፈር (ደሴ ነው፣ ጦሳ ስር፣ ቀበሌውን አልጠራም) አንዲት ሜዳ አለች። ስፋቷ ከትንሽ ኳስ ሜዳ አይበልጥም፣ ዳር ዳሯን አስራ አንድ ጽድና ሁለት ወይራ አለ፣ መሀሏ ሳር ነው። ዛፎቹን ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ ሰው የለም፣ እናቴ በሙሽርነቷ ወደዚህ ሰፈር ስትመጣም ትልልቅ ነበሩ ትላለች። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚጣለው እዛ ነው፣ ኢድም ጥምቀትም ሲሆን ሰው ነጭ ለብሶ ወጥቶ የሚቀመጥባት እሷ ናት፣ እናቶች ብቅል የሚያሰጡባት፣ እኛም ተጫውተን ያደግንባት። ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ከተማው ጦሳና አዝዋ መሀል ተጨንቆ ነው ያለው፣ ሜዳ የሚባል ነገር ብርቅ ነው፣ ህጻን ልጅ ኳስ ልጫወት ካለ አስፋልት ላይ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ነው።

እና አሁን የሆነው ነገር፣ አምና መጀመሪያ የግንባታ አሸዋና ድንጋይ ተራገፈባት፣ ለጊዜው ነው ተባለ ዝም አልን፣ ከዛ አንዱ ጥግ ላይ ላቫጆ ተከፈተ፣ የሳሙናው ውሃ ቁልቁል እየወረደ የሁለቱን ጽድ አፈር አጥቦ ወስዶት ስራቸው ገጦ ይታያል፣ ማታ ማታ ደግሞ ሰው ቆሻሻውን በማዳበሪያ አስሮ ጥሎ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው ሲለኩ አየን፣ ስንጠይቅ ኮንቴነር ሱቅ ሊደረደር ነው አሉን። አንድ ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ ልጁ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "እሱ እኮ ክፍት ቦታ ነው" አለኝ። በቃ ይቺው ናት መልሱ። እናቴ ሃምሳ አመት የተቀመጠችበት ጥላ ክፍት ቦታ ነው ተባለ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም ወላሂ።

ችግኝ ተከላ እኮ በየክረምቱ እንወጣለን፣ እኔ አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ጀምሮ አንድም ክረምት አልቀረሁም። አዲስ ለመትከል ተራራ እየወጣን በራችን ላይ የቆመው ሲሞት ዝም ብለን ማየታችን በጣም ነው የከነከነኝ። ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ እንደ ሰፈር ምን ማድረግ እንችላለን? እድራችን ወደ 60 አባወራ አለው። ደብዳቤ እንጻፍ? ለማን? አጥር ብናጥር ይፈርስብናል? ስራቸው የወጣው ጽዶችስ ይድናሉ?

የቦርከና ዳር፦

አብሽር ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ እኛም ከወንዙ ዳር ያለች ቁራሽ መሬት ላይ አራት አመት ታግለናል፣ የተማርኩትን ልንገርህ።

የመጀመሪያው አመት በጉጉት 300 ችግኝ ተከልን። አጥር የለ፣ ጠባቂ የለ፣ ፎቶ ተነሳን ሄድን። ጥቅምት ላይ ስንመለስ ግማሹን ፍየል በልቶታል፣ የቀረው ፀሀይ መቶት ደርቋል፣ አንዳንዱን ነቅለን ስናየው ፕላስቲኩ እንኳን አልወጣለትም ነበር፣ ከነፕላስቲኩ የቀበርነው እኛው ነን። ያን ቀን አንዲት የሰፈራችን እናት መጥተው "ልጆቼ ወልዳችሁ ጣላችሁ" አሉን። እስካሁን አልረሳውም።

በሁለተኛው አመት 40 ብቻ ተከልን። እያንዳንዱ ዛፍ ለአንድ ቤት ተሰጠ፣ ይሄ የእነ እገሌ ነው ተባለ፣ ልጆቹ ስም አወጡላቸው። ውሃ ከቤት እቃ የታጠበበት ሳይቀር ይመጣል (ሳሙና ከሌለው)፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ ቀዳ ቀዳ አድርገን ስሩ አጠገብ ደፍተን እንተክለዋለን፣ ጠብ ጠብ እያለ ስንት ሰዓት ይቆያል። ዙሪያውን የእሾህ አጥር። ከ40ው 34 ጸደቀ፣ አሁን ከኔ ቁመት በልጠዋል።

ሌላው የምልህ፣ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቆሻሻ አይጣልም። እኛ ጋር ቆሻሻው የቆመው "መጣል ክልክል ነው" ብለን ስለጻፍን አልነበረም፣ ጽፈን ነበር ጽሁፉ ስር ነው የጣሉት። የቆመው ከግንድ ሶስት አግዳሚ ወንበር ሰርተን አንዲት እህታችን ጀበና ይዛ ከሰዓት ከሰዓት ቡና ማፍላት ስትጀምር ነው። አይን ያለበት ቦታ ሰው ያፍራል።

ደግሞ ለደሴ ልጆች በሙሉ አንድ ነገር ልለምን። እናንተ ላይ የተጣለው ፌስታል ክረምት ሲመጣ ቦርከና ይዞት እኛ ጋር ነው የሚወርደው። የናንተ ሜዳ ውሃውን ጠጥታ ካላስቀረችው ጎርፉ እኛ በር ላይ ነው የሚያድረው። ስለዚህ ሜዳዋ የናንተ ብቻ አይደለችም፣ አካፋ ይዛችሁ ኑ ካላችሁን እንመጣለን፣ 25 ኪሎ ሜትር ምን አላት።

ፕላን ክፍል የሰራሁ፦

ከተማ ፕላን ላይ ለረጅም ጊዜ ሰርቻለሁ፣ አሁን ለቅቄያለሁ። ወንድሜ "ክፍት ቦታ" ያለህ ልጅ ሳያውቀው ዋናውን ችግር ነው የነገረህ። ቦታ ፕላን ላይ "አረንጓዴ ቦታ" ወይም "መዝናኛ" ተብሎ ቀለም ከተቀባ ለሌላ ነገር ለማዋል ፕላኑን ራሱ ማሻሻል ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ምንም ካልተባለ ግን በሰራተኛው አይን ባዶ መሬት ነው፣ ዛፍ ኖረው አልኖረው፣ የሚሰጥ መሬት ሲጠፋ አይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዛ ላይ ነው። እኔ ያየሁት በደል አብዛኛው ከክፋት የመጣ አልነበረም፣ ወረቀት ላይ ስም ስለሌለው ነው።

ስለዚህ ከአጥር በፊት ወረቀቱን ያዙ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 አለ። በሱ መሰረት ከተማ መዋቅራዊ ፕላን (የመላ ከተማው ዋና ፕላን) ይኖረዋል፣ የሚያገለግለው ለ10 አመት ነው፣ ከሱ ስር ደግሞ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። ፕላን ሚስጥር አይደለም፣ ነዋሪ እንዲያውቀውና አስተያየት እንዲሰጥበት ነው የሚዘጋጀው። ሄዳችሁ "ይህ ቦታ በመዋቅራዊ ፕላኑ የመሬት አጠቃቀሙ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ቃሉን እንዳለ ተጠቀሙበት፣ "የመሬት አጠቃቀም"። ዛፋችን ተቆረጠ ብላችሁ ስሞታ ስታቀርቡ አዝነው ይሸኟችኋል፣ የመሬት አጠቃቀም ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ካርታ መዘርጋት ግድ ይሆናል።

በአገራችን የፕላን አሰራር 30-30-40 የሚባል መርህም አለ፣ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና መሰረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶው ለግንባታ። ደሴ ገደል ስለሆነች አረንጓዴው ሁሉ ተራራው ላይ ነው ተብሎ ይቆጠርና ሰፈር ውስጥ ምንም አይቀርም፣ ይሄ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ሰባ አመት የሞላቸው እናት ጥላ ፍለጋ ጦሳ አይወጡም እኮ።

ደብዳቤውን በእድሩ ስም ጻፉት፣ በማህተም፣ የ60ውም አባወራ ፊርማ ከስር ይያያዝ። ሕገ መንግስቱን መጥቀስ ትችላላችሁ፣ አንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ነው፣ አንቀጽ 43 ላይ ደግሞ ዜጎች ማህበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሀሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ቃና አታብዙ፣ አትሳደቡ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉትና ቁጥሩን ቀሪው ኮፒ ላይ አጽፉ። ያለ ቁጥር የሰጣችሁት ደብዳቤ የለም ማለት ነው። ግልባጭ ለአካባቢ ጥበቃም ለቀበሌም ይሂድ። ዛሬ ደግሞ ዛፎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ፣ ግንዳቸውን በሜትር ለኩ፣ ጻፉት፣ ነገ አንዱ ቢወድቅ እዛ ነበር የምትሉበት ይኑራችሁ።

አጥሩን በተመለከተ ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ አታቁሙ፣ ህገወጥ ግንባታ ተብሎ በናንተው ላይ ይዞርባችኋል። ዛፎቹን ዙሪያቸውን በእሾህ ብትከልሏቸው ግን ማንም አይናገራችሁም።

ሰኞ ገበያ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሌላም ወገን አለ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሶስት አመቴ ነው፣ በጥቃቅን ተደራጅተን ቦታ እየጠበቅን ነው፣ ምናልባት እናንተ የምታወሩላት ሜዳ ላይ ኮንቴነር ከሚጠብቁት አንዱ እኔ ልሆን እችላለሁ። ሰባት ልጆች ነን፣ ሁለቱ ቤተሰብ ይዘዋል። ዛፍ አልጠላም፣ እኔም ደሴ ነው ያደግኩት፣ ግን የሚበላ የሌለው ሰው ጥላ ስር ቢቀመጥ ምን ይጠቅመዋል? ወጣቱን ቦታ ቀማኛ አድርጋችሁ አትዩት። እኛ ቦታ አልመረጥንም፣ የሚሰጡን ቦታ ነው የምንሄደው።

የጦሳ ስር ልጅ፦

ወንድሜ ሰኞ ገበያ፣ ልክ ነህ፣ ስጽፍ እናንተን አላሰብኳችሁም ነበር፣ ይቅር በለኝ። የኔም ታናሽ ወንድም ስራ ፈላጊ ነው፣ እቤት ተቀምጦ ሲያረጅ አያለሁ። ግን ልጠይቅህ፣ ሜዳዋ በመንገዱ በኩል ጠባብ ጠርዝ አላት፣ ዛፍ የሌለው በኩል ነው፣ ሁለት ሶስት ትንንሽ ኪዮስክ ቢቆም ዛፉንም ሳሩንም አይነካም። እናንተ እዛ ሰርታችሁ ሜዳዋን ብትጠብቁ፣ ውሃ ብታጠጡ፣ ሰው ደግሞ ለመቀመጥ ሲመጣ ከናንተ ቢገዛ? ዛፉ ተቆርጦ አስራ አምስት ኮንቴነር ቢደረደር ማን መጥቶ ይገዛል፣ ሁሉም አንድ አይነት ብስኩትና ሳሙና ይዞ ፊት ለፊት መተያየት ነው እኮ የሚሆነው። ስራ ፈላጊ ሁሉ ጠላቴ አይደለም፣ እባክህ ቁጥርህን በውስጥ ላክልኝ እንገናኝ።

ወልዲያ፦

እኛም ጋር እንዲሁ ነው እናንተዬ፣ በልጅነታችን ወርካዋ ስር ሽማግሌ ተቀምጦ ስንት ባልና ሚስት አስታርቋል፣ አሁን ቦታው ላይ ብሎኬት ነው የሚመረተው። እኛ አልቀናንም፣ እናንተ ቶሎ ተነሱ።

የድሮ ሰው፦

ልጆቼ ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩት፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ የ66ቱንም የ77ቱንም ክፉ ቀን በአይኔ አይቻለሁ። ከ77 በኋላ እኛ ወረዳ ለምግብ እርከን እንሰራ፣ ችግኝ እንተክል ነበር፣ ለቀን ስራ 3 ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት ይሰፈርልናል። ስንቱን ተራራ በእጃችን አለበስነው። በ83 መንግስቱ ሲለወጥ ያ ሁሉ ደን ባለቤት የለውም ተባለ፣ ሌሊት በባትሪ፣ ቀን በአደባባይ ጨፈጨፉት፣ የተከለው ሰው ራሱ መጥረቢያ ይዞ ወጣ፣ እኔ ካልቆረጥኩ ሌላው ይቆርጠዋል እያለ። እኔም ሁለት ሸክም አምጥቻለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በዛው ሰሞን የቤተክርስቲያኑን ጽድ የነካ የለም። የሼሆቹን ቀብር ወይራም የነካ የለም። እስላሙም የቤተክርስቲያኑን አልነካ፣ ክርስቲያኑም የቀብሩን አልነካ። እናቶቻችን ቡና አፍልተው ቄጤማ ጎዝጉዘው የሚለማመኑበት የአድባር ዛፍም ተርፏል። ሂዱና እዩት ዛሬም ቆሟል። ባለቤት ስላለው ነው። እና እናንተም ለሜዳችሁ ባለቤት ፈልጉላት፣ እድሩ ይሁን፣ ቄሱም ሼሁም ባሉበት ሰፈሩ ቃል ይግባ፣ ወረቀቱ ጥሩ ነው ልጁ ደህና ነው የመከረው፣ ግን በቃል ኪዳን የታሰረ ነገር ሌሊትም ይጠብቃል።

ችግኝ ጣቢያ፦

ጋሼ እድሜዎትን ያርዝመው፣ አስለቀሱኝ።

ደን ነው ያጠናሁት፣ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሰራው፣ ስለ ሁለቱ ጽዶች ልመልስ። ገና አረንጓዴ ከሆኑ፣ ጫፋቸው መድረቅ ካልጀመረ ይድናሉ። መጀመሪያ የላቫጆው ውሃ ይቁም፣ ይሄ ሳይሆን ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም፣ ከላይ በኩል ትንሽ ቦይ ቆፍራችሁ ወደ ዲቹ አዙሩት። ከዛ የወጣውን ስር ብስባሽ በተቀላቀለ አፈር በስሱ ሸፍኑት፣ ስሩ ከአይን እስኪሰወር ብቻ። ብዙ ሰው አዝኖ ግንዱ ድረስ አፈር ይከምራል፣ ያ ግንዱን ያበሰብሰዋል ስሩንም አየር ይከለክለዋል፣ እንዳታደርጉት። የተራገፈውን አሸዋና ድንጋይም ቶሎ አስነሱ፣ የዛፍ ስር ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ነው የሚሄደው፣ ላዩ ላይ መኪና ሲቆም፣ ድንጋይ ሲከመር አፈሩ ይጠቀጠቅና ውሃም አየርም አያስገባም፣ ዛፉ ግን ወዲያው አይሞትም፣ በሁለት በሶስት አመቱ ነው የሚደርቀው፣ ያኔ ሰው በሽታ ነው ይላል። በሲሚንቶ ዙሪያውን መድፈንም እንደዛው ነው፣ ፓርክ እናሳምር ተብሎ ስንት ዛፍ በታይል ታንቆ ሲሞት አይቻለሁ።

አዲስ ስትተክሉ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት ብርድ ናት፣ ስለዚህ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ። ኮሶ ደጋ ላይ ቶሎ ይነሳላችኋል፣ ጽድና ወይራ ይዘገያሉ ግን ለልጅ ልጅ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ዋንዛና ግራቪሊያ ይሆናል፣ ቆቦ ድረስ ከሆነ ኒም። ባህር ዛፍ አይሁን፣ ማገዶና አጣና ስለሆነ አልጠላውም ብዙ ቤት ይዞ ያቆመ ዛፍ ነው፣ ግን ሳር ያለበት የሰው መቀመጫ ላይ አይሆንም፣ ስሩ ምንም አያበቅልም ውሃውን ይጨርሰዋል። ጽድና ወይራ አብረው ምን እንደሚመስሉ ማየት የፈለገ የጎፍን ደን ይይ፣ እዛው ኮምቦልቻ አጠገብ ነው።

ጉድጓዱን ዝናቡ ሳይገባ ቀድማችሁ ቆፍሩት፣ ሐምሌ አጋማሽ አፈሩ ሲጠግብ ትከሉ፣ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀዳችሁ አውጡ። የሚገድላቸው ክረምቱ አይደለም፣ ከጥቅምት እስከ በልግ ያለው ደረቁ ጊዜ ነው፣ ህዳርና ታህሳስ ሌሊት ውርጩም አለ፣ ስራቸውን በደረቅ ሳር ሸፍኑላቸው። በየሳምንቱ አንድ ጀሪካን ለአንድ ዛፍ ከበቂ በላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አመታት ካለፉ ከዛ በኋላ ራሳቸውን ይችላሉ። 20 የኮሶና የወይራ ችግኝ ከኔ፣ ክፍያ አልፈልግም።

ሰኞ ገበያ፦

እህቴ ችግኝ ጣቢያ፣ ተባረኪ። የጦሳ ስር ልጅ ቁጥሬን ልኬልሃለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ትላንት ተነጋገርን፣ አራቱ የጠርዙን ነገር ተስማምተዋል፣ ሶስቱ ግን በስድስት ኪዮስክ ነው የተደራጀነው ሁለቱ አይበቃንም ነው የሚሉት፣ እውነት አላቸው። የቀረነው ሌላ ቦታ እንዲታይልን እናንተም ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ብትጨምሩልን ፊርማችንን እናስገባለን።

የጦሳ ስር ልጅ፦

ሰዎች ጨምረነዋል። እሁድ እድር ተሰበሰብን፣ የጋሼን መልእክት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ከዛ ቄሱም ሼሁም ተነስተው መረቁን። 57 ፊርማ፣ ሰባቱ ወጣቶች ሲጨመሩ 64። ደብዳቤው ትላንት መዝገብ ቤት ገብቷል፣ ቁጥር አለው፣ ፎቶ አንስቼዋለሁ። የመሬት አጠቃቀሙን ስንጠይቅ ካርታውን የያዘው ባለሙያ መስክ ነው ሐሙስ ተመለሱ ተባልን፣ ሐሙስ አምስት ሆነን እንሄዳለን። ኮንቴነሩ እስካሁን ቀረም አልቀረም አልተባለም፣ ልኬቱ የተቸነከረበት እንጨት አሁንም ቆሟል።

የላቫጆውን ልጅ አነጋገርኩት፣ ስሩን ወስጄ ሳሳየው ደነገጠ፣ ውሃው ይህን ያደርጋል ብሎ አላሰበም ነበር፣ ቦዩን እኔም እቆፍራለሁ አለ። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነን፣ አካፋና ዶማ አለን፣ ድንጋዩን የምናነሳበት ጋሪ ነው ያጣነው። የቦርከና ዳር ወንድሜ እመጣለሁ ያልከው ቁም ነገር ከሆነ ጋሪ ያለው ሰው ይዘህ ና፣ ምሳ እናቴ ጋር ነው።